በርበሬው ይመዘናል፤ ደማችንስ?

መርካቶ ውስጥ ሳይፈተሽ የሚገዛ ዕቃ ይኖር ይሆናል፤ በርበሬ ግን ከእነሱ አንዱ አይደለም። በርበሬ በረንዳ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል። ገዢዋ ዛላውን የምትመርጠው ከላይ ከተደረደረው አይደለም፤ እጇን ወደ ማዳበሪያው ሆድ ሰድዳ ከመሀል ታወጣለች። ቀለሙን ታያለች። ሰብራ ታሸትታለች። ክብደት እንዲያነሳ ውኃ ተረጭቶበት እንደሆነ በጣቷ ታረጋግጣለች። ‹‹የማረቆ ነው እናቴ!›› ቢሏትም በቃል አታምንም፤ የማረቆውን ከአላባው፣ የዘንድሮውን ከአምናው ትለያለች። የተፈጨውንማ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል ብላ ስለምትሰጋ ዞር ብላም አታየው። ይህ ሁሉ አልፎ ሚዛን ላይ ሲወጣ ደግሞ ዓይኗ ከሚዛኑ አይነቀልም።

እንግዲህ የእኛ ጥያቄ ይሄ ነው። ይህን ያህል ተጠራጣሪ የሆነ ገበያ የገዛ ደሙ ላይ ሲደርስ ለምን በቃል ያምናል? ‹‹ምንም የሚያመኝ ነገር የለም፤ ጤነኛ ነኝ›› የሚለው ቃል ለምን ያለ ሚዛን ያልፋል? ዛሬ የምንጽፈው ስለ ስኳር በሽታ ምርመራ ነው። በርበሬ በረንዳን የመረጥነው ሌላው ሰፈር ከበሽታው ነጻ ስለሆነ አይደለም። የመፈተሽን ጥቅም ለዚህ ሰፈር ማስተማር ስለማያስፈልግ ነው። የሚቀረው ልማዱን ከማዳበሪያው ወደ ጣት ጫፍ ማሻገር ብቻ ነው።

‹‹የሀብታም በሽታ››

ስኳርን ሕዝባችን ‹‹የሀብታም በሽታ›› ብሎ ስም ካወጣለት ቆይቷል። ሥዕሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ቦርጩ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ፣ ከመኪና የማይወርድ፣ ቁርጥ የማይለየው ባለጸጋ። ኩንታል ተሸካሚው፣ ባለ ጋሪው፣ ከማለዳ እስከ ማታ ቁጭ ብላ ዛላ የምትቀነጥሰው እናት በዚህ ሥዕል ውስጥ የሉም። ተሸካሚውን ስለ ስኳር በሽታ ብትጠይቁት ‹‹ለሻይ የሚሆን ስኳር በተወደደበት ጊዜ እኔ ውስጥ ከየት ይገባል?›› ብሎ ቢስቅባችሁ አይፈረድበትም። የበሽታው ስም ራሱ ‹‹አንተን አይመለከትም›› ይለዋላ!

ስሙ ግን ውሸታም ነው። ውሸቱን ካጋለጡት መካከል ደግሞ የራሳችን ሐኪሞች አሉ። ዶክተር ሺታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ጎንደር ውስጥ የሚታከሙ የስኳር ሕሙማንን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ዳያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ አውጥተዋል። ከገጠር የመጡትና ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉት ሕሙማን በአብዛኛው ድሆች፣ ቀጫጭኖችና ወንዶች ነበሩ። ቦርጩም፣ መኪናውም፣ ቁርጡም የለም። ጽሑፉ ያነሳው ጥያቄ በምግብ እጥረት ሳቢያ የሚመጣ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና መከፈት የለበትም ወይ የሚል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ ካስገባው በኋላ በ1999 አውጥቶት ነበርና። ክርክሩ ቆይቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ‹‹ዓይነት 5›› ብሎ እውቅና ሰጠው። ተርቦ ያደገ ሰውም ስኳር ይይዘዋል ማለት ነው።

ከተማ ውስጥ በብዛት የምናገኘው ግን ዓይነት 2 የሚባለውን ነው። ለዚህኛውም ቢሆን ሀብት አያስፈልግም። ቁጭ ብሎ መዋል፣ የሆድ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘር፣ የደም ግፊት፣ በየቀኑ የሚጨለጥ ለስላሳ፣ ሁሉም ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። ዛላ ቀንጣሿም፣ ደላላውም፣ ባለሱቁም ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ አንዱን አያጡም።

መጠኑንም እንይ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት መካከል ወደ 6 በመቶ የሚጠጉት የደማቸው ስኳር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከ17 ሰው አንዱ መሆኑ ነው። አንድ አይሱዙ በርበሬ የሚያራግፉትን ሰዎችና ዙሪያውን የከበቡትን ደላሎች ብትቆጥሩ ከ17 አያንሱም። ስሌቱ የሀገር እንጂ የሰፈር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ግን ማሰቢያ ይሆናል። ከላይ የጠቀስነው ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው አትላስ በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር እንደሚኖሩ፣ ከእነዚህም 252 ሚሊዮኑ መታመማቸውን እንደማያውቁ ገምቷል። አፍሪካ ውስጥ ከ10 ሕሙማን ከ7 በላይ የሚሆኑት አያውቁትም። ችግራችን እንግዲህ የበሽታው መኖር ብቻ አይደለም፤ ስሙ ሳይጠራ አብሮን መኖሩ ነው።

ለምን አይታወቅም?

አንደኛው ምክንያት በሽታው ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ መቀመጥ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድምፅ ሲያሰማም መርካቶ ለእያንዳንዱ ምልክት ሌላ ስም አዘጋጅቶ መጠበቁ ነው። ውኃ ጥም? በርበሬው ነው፣ አቧራው ነው። ድካም? ሸክሙ ነው። ቶሎ ቶሎ ሽንት? ብርዱ ነው። መክሳት? ኑሮው ነው። የዓይን ብዥታ? ብናኙ ነው። የእግር መደንዘዝ? ቀኑን ሙሉ መቆሙ ነው። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው እውነት ሊሆን ይችላል። ምልክት ጠብቆ መመርመር የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ እውነቱን የሚናገረው እግር ይሆናል። ኮንጎ ጫማ ውስጥ ምስማር ገብቶበት ሳይሰማው የዋለ እግር፤ ቁስሉ አልድን ብሎ ሆስፒታል ሲደርስ ‹‹መቆረጥ አለበት›› የሚባል እግር። ወይም ዓይን፣ ወይም ኩላሊት። ተሸካሚ እግሩን ሲያጣ እግሩን ብቻ አይደለም የሚያጣው። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ደብተር፣ ክፍለ ሀገር ላለችው እናቱ የሚልከውን ብር ጭምር ነው። አባቶች ‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አንዲት የሻይ ማንኪያ

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። የጤነኛ ሰው ደም በባዶ ሆድ ሲለካ በአንድ ዴሲ ሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ውስጥ ያለው ስኳር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ነው። እስቲ እናባዛው፤ በ5 ሊትር ውስጥ 5 ግራም ይመጣል። በመላ ደማችን ውስጥ የሚዞረው ስኳር ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ ነው! በሽታ የሚባለው መስመር 126 ነው፤ ይህም ሲባዛ 6 ግራም ከትንሽ። በጤናና በሕመም መካከል ያለው ርቀት ሩብ ማንኪያ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሩብ ማንኪያ ዓይን አያየውም፤ ምላስ አይቀምሰውም። ስለዚህ መለኪያ የግድ ይላል።

‹‹ታዲያ ሦስት ማንኪያ ስኳር በሻይ የሚጠጣ ጤነኛ ሰው ለምን ወዲያው አይታመምም?›› ብትሉ፣ ቆሽት የሚባለው ዕቃችን ኢንሱሊን እያመነጨ ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ስለሚያስገባው ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሰውነት ትእዛዙን አልሰማ ሲለው ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። እንጀራውም ዳቦውም ድንቹም ሆድ ከገቡ በኋላ መጨረሻቸው ስኳር ስለሆነ፣ ‹‹እኔ ጣፋጭ አልወድም›› ማለት የጤና ማስረጃ አይሆንም።

በብዛት የሚያጋጥሙን ምርመራዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በባዶ ሆድ የሚደረገው ነው። ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ከውኃ በስተቀር ምንም ሳይቀመስ ይለካል። ከ100 በታች ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው (የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያውን ከ110 ይጀምራል)፤ 126ና ከዚያ በላይ የበሽታው መስመር ነው። ሁለተኛው በማንኛውም ሰዓት፣ ተበልቶም ቢሆን የሚደረገው ነው። እዚህ ላይ 200ና ከዚያ በላይ ሆኖ ጥሙ፣ ሽንቱና መክሳቱ አብረው ከታዩ በሽታው ነው ይባላል። ሦስተኛው ሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለው ነው። ቀይ የደም ሴሎች ለ120 ቀናት ያህል ሲኖሩ ስኳር እየተጣበቀባቸው ስለሚሄድ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል፤ ጾምም አይፈልግም። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የበሽታው መስመር ነው። የነጋዴ ቋንቋ እንጠቀም ካልን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዕለት ገበያ ናቸው፤ ሦስተኛው የሩብ ዓመት ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን እንንገራችሁ። 135 ጥሩ ቁጥር ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ ‹‹መቼ ተለካ?›› የሚል ነው። ምሳ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ የበሽታውን መስመር አልፏል። ያው ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ! ሰዓቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ወሬ ነው። ብጣሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎለት የተሸኘ ሰው ወይ ያለ በሽታው ሲጨነቅ ይከርማል፣ ወይ በሽታውን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ ስትመረመሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሩ ስንት ነው? በባዶ ሆድ ነው ወይስ ተበልቶ? አሁን ምን ላድርግ? አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ በሌላ መስፈሪያ ይለካል፤ 7 ቢላችሁ ‹‹ስኳሬ ወረደ›› ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ በ18 አባዙት። 126 ይመጣል፤ ማለትም ያው የበሽታው መስመር ላይ ናችሁ።

አንድ ጊዜ 126 ማለፍም ብቻውን ፍርድ አይደለም። ምልክት የሌለበት ሰው በሌላ ቀን ወይም በሌላ ዓይነት ምርመራ ውጤቱ መረጋገጥ አለበት። አንድ ዛላ ሰብሮ ኩንታሉን ሁሉ የሚጥል ገዢ የለም፤ ሌላ ዛላ ያወጣል እንጂ።

የቤተ ክርስቲያን ጾምና የላብራቶሪ ጾም

አንዋርና ራጉኤል ጎን ለጎን በሚኖሩበት መርካቶ ጾም ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ማለት አለብን። የላብራቶሪው ጾም ሌላ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሥጋና ወተት የተወ ሰው ጾመኛ ነው፤ ሽሮውን በልቶ፣ ሻዩን በስኳር ጠጥቶ የመጣ ሰው ግን ለላብራቶሪው ጾመኛ አይደለም። በረመዳን ሱሁር የበላ ሰውም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለላብራቶሪው ገና ጾሙን አልጀመረም። የሚቆጠረው የመጨረሻው ጉርሻ ከተዋጠበት ጀምሮ ነው። መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ደግሞ ለየትኛውም ጾም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና።

ጣት ተወግቶ በትንሿ መሣሪያ ስለሚለካውም እንጨምር። እጅ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ብርቱካን የላጠ ወይም ስኳር የነካ ጣት ውጤቱን በውሸት ከፍ ያደርገዋል፤ በርበሬ ሲቀነጥስ የዋለ ጣት ሳይታጠብ ሲወጋ ምን እንደሚሰማው ደግሞ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። መሣሪያዋ ጥሩ ብትሆንም ቀመሯ የወርቅ ሚዛን አይደለም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ወደ 15 በመቶ የሚደርስ ልዩነት ይፈቅድላታል። የ130 ደም 110 ወይም 150 ተብሎ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። ለማጣሪያና ለክትትል ትሁን እንጂ ‹‹በሽተኛ ነህ›› የሚለውን ቃል ላብራቶሪው ይናገር።

መርፌው ወደ በረንዳው ይምጣ

እስካሁን የተናገርነው ለግለሰቡ ነው። ግለሰቡን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ተሸካሚው ጤና ጣቢያ ቢሄድ በሩ የሚከፈተው የእሱ ሥራ በሚደራበት ሰዓት ነው። ካርድ ሲያወጣ፣ ወረፋ ሲይዝ፣ ውጤት ሲጠብቅ ጠዋቱ ያልቃል፤ ጠዋቱ ካለቀ የዕለት እንጀራው አለቀ። የሚያመው ነገር ሳይኖር የቀን ገቢውን የሚሰዋ ሰው አናገኝም፤ ልናገኝም አይገባም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በርበሬ በረንዳ የደረሰ ሰው ከራቱ 8 ሰዓት አልፎታል። ሳያስበው ለላብራቶሪው ጾሞ መጥቷል! ቁርስ ከመብላቱ በፊት አንዲት ነርስ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሳሙናና ውኃ፣ አንድ መሣሪያና መዝገብ ቢያገኝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ኅዳር 5 ቀን የሚውለውን የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ጠብቆ ካኔቴራ ለብሶ ፎቶ መነሣት አይበቃም። ኅዳር 6 ማለዳም ጠረጴዛው እዚያው መገኘት አለበት።

‹‹አይቻልም›› የሚል ካለ ታሪክ እናስታውሰው። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ፤ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በሚሊኒየም ኤድስ ዘመቻ ምርመራው ወደ ሕዝቡ ወጣ። ያን ያህል የሚፈራ በሽታ እንኳን ሰው ጣቱን ዘርግቶ ተመረመረ። ለምን? ከምርመራው በስተጀርባ መድኃኒት ስለነበረ። ለስኳርም ትምህርቱ ይኸው ነው። ለክቶ መተው ሰውን ማስፈራራት ነው። ከ100 እስከ 125 የተገኘው ምክርና የዓመት ቀጠሮ ይሰጠው፤ 126ን ያለፈው ደግሞ በስሙ ወደ ጤና ጣቢያ ተመዝግቦ ይላክ፤ ለብዙ ሕሙማን መነሻ የሆነው ሜትፎርሚን እዚያ አይጥፋበት። ይህ ካልሆነ ሰዉ አብሹንና ሽፈራውን በጥብጦ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ሊፈርድበት ነው?

ሌላም ተቃውሞ አለ። የመለኪያው ወረቀት ውድ ነው፤ ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ የአንዱ መሣሪያ ወረቀት ለሌላው አይሠራም፤ መንገደኛውን ሁሉ መውጋት ብክነት ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ሁሉም ይወጋ አላልንም። ቅድሚያ ይሰጥ፦ ዕድሜው ለገፋ (የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መነሻውን ከ45 ወደ 35 ዓመት አውርዶታል)፣ እናቱ ወይም አባቱ ወይም ወንድሙ ስኳር ላለበት፣ የደም ግፊት ላለበት፣ ሆዱ ለገፋ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት ለነበረች እናት፤ ያለ ምክንያት ለከሳና ጥም ላስቸገረው ደግሞ ዕድሜው ሳይጠየቅ። ይህን ለመለየት ሦስት አራት ጥያቄ ይበቃል፤ ጥያቄ ደግሞ ምንዛሪ አይፈልግም።

ገንዘቡስ? መንግሥት የድርሻውን ይቻል፤ እኛ ግን ወደ ዕድሩ እናያለን። ዕድሮቻችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ወንበር ለመደርደር፣ ንፍሮ ለመቀቀል ወደር የላቸውም። ክብር ይገባቸዋል። ግን አባሉ በሕይወት እያለ አንዲት የመለኪያ ወረቀት ያልገዛለት ዕድር ከሞተ በኋላ ሦስት ቀን ቢያስተዛዝን ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› አይሆንም ወይ? አንድ የበርበሬ ነጋዴዎች ዕድር አንድ መሣሪያ ገዝቶ፣ ወረቀቱን ከወር መዋጮው ላይ ችሎ፣ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በሳምንት አንድ ማለዳ ቢያስመጣ አይከስርም። ያውም አባሉ ለብዙ ዓመት መዋጮ እየከፈለ ስለሚኖርለት ያተርፋል! አባል ላልሆኑት ተሸካሚዎችም ጠረጴዛው ክፍት ይሁን፤ ኩንታሉን ከአይሱዙው አውርደው ሱቅ የሚያስገቡት እነሱ ናቸውና።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህን ያህል ነው። የሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አጀንዳ ሲጻፍ አንዲት መስመር ትጨመርልን፦ ‹‹የደም ስኳር መለኪያ ስለመግዛት››። የሚቃወም ካለ እጁን ያውጣ። እጁን እንዳወጣ ግን ሳያወርድ ጣቱን ለነርሷ ያውሳት።